ያዝኩሽ

ከጀበል ጀይስ አናት፣ ነፋስ ኮፍያ ከሚነጥቅበት፣
ሥራዬ ማሰር ነው፤ የሰው ወገብ ማጥበቅ፣ ሽቦው ከሚጀምርበት።
ሚዛን ላይ አቁሜ ኪሎውን ጽፌ፣
መንጠቆውን ሁለቴ ስቤ፣ ትከሻውን በመዳፌ ደግፌ፣
«ዝግጁ?» እላለሁ። ይከንፋል።
ጩኸቱ ከሸለቆ ሸለቆ ተንከባሎ ይጠፋል።
ማታ ጓንቴን ሳወልቅ ጣቴ ብረት ብረት ይላል።

ማክሰኞ ግን የእኔ ናት።
ሙዝና ከሌሊት ተራዋ ወጥታ፣ የነርስ ጫማዋን ሳትቀይር፣
ሁለት ካራክ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዛ ትመጣለች፤
«እንቅልፍ ይቆየኝ» ብላ ፒክአፗን ወደ ዋዲ ቢህ ትነዳለች፣
አያቷ በገመድ ወርደው ማር ይቆርጡበት ወደነበረ ገደል።
ንቡ ተሰዷል፤ መንደፉን ግን ድንጋዩ ወርሶታል።

ያስተማርኳት አማርኛ አንዲት ቃል ናት።
ገመዱ ሲጠብቅ ከታች ሆና «ያዝኩሽ!» ትላለች፣
«ሽ»ን እንደ ባሕር ዳር ማዕበል አርዝማ ትጎትታለች።

ጥር ላይ፣ በአል ሐምራ ውድድር፣ ሦስተኛ ወጣሁ።
በቋንቋችን ግድግዳም ይወጣል፣ ደረጃም ይወጣል፤
ሁለቱንም ወጣሁ።
የሸለሙኝ ጫማ አንድ ቁጥር ያንሰኛል፤
«ጠባብ ነው ለመውጣት» አለ ሰጪው፤ እኔም ልቤ ሰፍቶ፣ «ይሆነኛል»።

በሳምንቱ ወደቅኩ።
ተማሪም ይወድቃል፣ መንግሥትም ይወድቃል፤
የእኔ ግን ድምፅ ነበረው።
ከስምንተኛው መንጠቆ በላይ፣ ዘጠነኛውን ሳልነካው፣
እጄ ላብ፣ ድንጋዩ ፀሐይ፤ አንዱ አንዱን ከዳው።
ሙዝና ያዘችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ይዛኛለች።
ቁርጭምጭሚቴን ግን የበር ደፍ የምታህል እርከን
ቀድማ አግኝታዋለች።

ሁለት ብሎን፣ አንድ ስስ ብረት።
ለሰው ብረት ሳጠብቅ ኖሬ ሐኪሙ ለእኔ አጠበቀልኝ፤
ሥራ አስኪያጁም ብርቱካን ልኮ
ከደመወዜ እኩሌታውን አስቀረልኝ።
እናቴ ከደብረ ሲና ደወለች። «ደረጃ አዳልጦኝ ነው» አልኳት።
ውሸት ነው፤ ውሸትም አይደለም።
«ወጌሻ የለም እዚያ አገር?»
«አለ እማዬ። ሻይኒ ትባላለች፣ ከሕንድ ናት።
ቅቤ ግን አታውቅም፤ በረዶ ነው የምትይዘው።»

ሻይኒ ጠዋት ጠዋት፣
«በአውራ ጣትሽ አየር ላይ ፊደል ጻፊ» ትለኛለች፤
ያሰበችው ፊደል ሃያ ስድስት ነው፤ ሦስት ደቂቃ መድባለች።
እኔ «ሀ ሁ ሂ» ብዬ ጀመርኩ።
የመጀመሪያው ሳምንት «ለ» ላይ እንባዬ መጣ፤
«መ» ላይ አንድ ወር አለቀ፣ ከሰባቱ ቤት አንዱ እንኳ ቀንቶ ሳይወጣ።
ሰዓቷን አይታ፣ «ስንት ቀረሽ?»
«ገና ነኝ።»
«ቋ»ን ሳዞር አጥንቴ ራሱ ፊደሉን አነበበው፣ ተንቋቋ።
ሰኔ ገብቶ አስፋልቱ ሲቀልጥ «ወ»ን አለፍኩ፣ በክራንች።
መስከረም ላይ «ፐ»ን ጻፍኩ፤ ሻይኒ አጨበጨበች፤
ምን እንደጻፍኩ ግን እስከዛሬ አላወቀች።

በእነዚህ ወራት ሙዝና ትመጣ ነበር። ካራኩን ታስቀምጣለች፣
ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ ወንድሟ ሠርግ ታወራለች፤
ያቺን ቃል ግን ውጣታለች።

ጥቅምት። ማክሰኞ። ያው ገደል።
ጫማዬን አላመጣሁም። «ዛሬ አንቺ ውጪ» አልኳት።
ገመዱን በመዳፌ አሳለፍኩ፤
ብሎኖቼ ንጋቱን ከእኔ ቀድመው አወቁት፣ ቀዘቀዙ።
ስምንተኛው ላይ ስትደርስ እግሯ እንደ ሲንጀር መርፌ ተርገፈገፈ፤
ወደ ታች አየች፤
እኔን አይደለም፣ ያቺን እርከን።
ያን ጊዜ ቃሉን፣ ሳስተምራት የእኔ የነበረውን፣
አልኳት፤
ከእሷ ተምሬ፣
«ሽ»ን አርዝሜ።